መንጋጋዬን ካስነቀልኩ 3 ቀኔ ነው ህመሙ ግን ባሰብኝ፣ ከምጣድስ ስንት ቀን ልራቅ?

እንጀራ_ጋጋሪዋ
ማክሰኞ ማታ 2፡10

እንደምን ሰነበታችሁ የሀገሬ ልጆች። እኔ ያለሁት ፍኖተ ሰላም ነው፣ እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ሆቴልና ለሰፈር ሰው ነው የማስረክበው። ቅዳሜ ጠዋት የግራውን የታችኛውን መንጋጋ አስነቀልኩ፣ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ማለቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በቅርንፉድና በነጭ ሽንኩርት ሳታልለው ከርሜ በመጨረሻ ቆሎ ሳነክስ ግማሹ ተሰብሮ ቀረ። ሲነቀልም በቀላሉ እሺ አላለም፣ አናቱ ፍርክስክስ ብሎ ስሩ ቀረና አንዱን ስር ለብቻ ሌላውን ለብቻ ሲያወጣው አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። መርፌው ስለያዘኝ አላመመኝም ግን ድምፁ! ጆሮዬ ውስጥ እንጨት የሚፈለጥ ነው የመሰለኝ።

ጨርሶ ጎዝ አስነከሰኝ፣ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፣ "3 ቀን እረፊ" ብሎ ሸኘኝ በቃ። ወረቀቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለማን እንደጻፈው እንጃ። መድኃኒቱ አሞክሳሲሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና አይቡፕሮፌን ነው።

ቤት ስገባ ከንፈሬ ገና እንደ እንጨት ነው፣ ሳላውቀው ነክሼው ኖሮ ማታ አብጦ አገኘሁት። አማቴ ደግሞ አንጀታቸው አልችል ብሎ "ደሙ እዚያው ከቋጠረ ይመግላል፣ ጥርግ አድርጎ ማውጣት ነው" አሉና መጀመሪያ ለብ ያለ የጨው ውሃ፣ ቀጥሎ የቤት አረቄ አቀረቡልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስጉመጠመጥና ስተፋ ነው ያደርኩት። በዛ ላይ ምች እንዳይመታኝ በር ተዘግቶ፣ አገጬ በነጠላ ተጠፍሮ፣ ጉንጬ ላይ በእሳት የሞቀ ጨርቅ። እሳቸው ክፋት አስበው እንዳይመስላችሁ፣ እንደ እናት ነው የሚያስቡልኝ።

እሁድ ደህና ሆንኩ። እንዲያውም ተሻለኝ ብዬ ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ መብራት ስላልነበረ በእንጨት 60 እንጀራ ጋገርኩ፣ ያው ሆቴል አይጠብቅም። ሰኞ ማታ ነው እንግዲህ ጉዱ የጀመረው። ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ጆሮዬ፣ ወደ ሰረሰሬ ይመዛል፣ አይቡፕሮፌኑ ሁለት ሰዓት አያቆየኝም፣ አፌ ይሸተኛል ምራቄ ራሱ መጥፎ ጣዕም አለው። በስልክ መብራት በመስታወት ሳየው ቀዳዳው ባዶ ነው፣ ታች ነጣ ያለ ነገር ይታየኛል። ትኩሳት የለኝም፣ ጉንጬም ያን ያህል አላበጠም።

ይሄ የሚያልፍ ነው ወይስ ልመለስ? እረፍት ሲባልስ ምን ማለት ነው፣ መተኛት ነው ወይስ ከእሳት መራቅ? ያጋጠመው ካለ ንገሩኝ፣ ዛሬም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የዳሞት_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 2፡24

ኧረ እታለም ምን አስጨነቀሽ። አባቶቻችን በጉጠት አስነቅለው ባፋቸው አረቄ ይዘው በማግስቱ ሞፈር የተሸከሙ ናቸው። አሁን ሀኪሙ በዛ ህመሙም በዛ። ነጭ ሽንኩርት ውቀጭና ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቂ፣ ጠዋት ትስቂያለሽ።

ባለባጃጅ_ባህርዳር
ማክሰኞ ማታ 2፡31

@የዳሞት_ልጅ በማግስቱ ሞፈር የተሸከሙትን ነው የምትነግረን፣ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው?

እህቴ ነጭ ሽንኩርት እንዳታስገቢ በናትሽ። እኔን ልክ ይሄው ነው ያገኘኝ። እዚህ ቤት አንዲት ሲስተር አለች እስክትመጣ ጠብቂ፣ አሁን እጠራታለሁ።

ሲስተር_ከማርቆስ
ማክሰኞ ማታ 3፡05

አለሁ፣ ተረኛ ነበርኩ።

እህቴ በስልክ ሆኜ አፍሽን ሳላይ አልፈርድም፣ ግን የነገርሽን ሁሉ ስደምረው ነገ ጠዋት ወደ ነቀለልሽ ሰው መመለስ ነው ያለብሽ። የተነቀለ ጥርስ በመጀመሪያው ቀን አሞ ከዛ በየቀኑ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ተሽሎት የነበረ ሰው በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ህመሙ ተመልሶ ከመጣ፣ ወደ ጆሮ ከመዘዘ፣ አፍ ከሸተተ፣ ቀዳዳው ባዶ ከሆነ እኛ ድራይ ሶኬት ነው የምንለው።

ምን ማለት መሰለሽ፣ ጥርስ ሲነቀል የሚቀረው ጉድጓድ ደም ይሞላና ይረጋል። ያ የረጋ ደም ቆሻሻ አይደለም፣ ምርጊት ነው። ቤት ስትሠሪ ግድግዳው ተመርጎ ሳይደርቅ ባልዲ ውሃ ብትደፊበት ምን ይሆናል? ይወርዳል፣ ማገሩ ያገጣል። እዚህም እንደዛው፣ የረጋው ደም ተነቅሎ ሲወጣ አጥንቱ ከነነርቩ ለአየርና ለምግብ ተጋልጦ ይቀራል፣ ጆሮሽ ድረስ የሚመዘው እሱ ነው። አማትሽ "ይመግላል" ብለው ያስወጡት ደም አጥንቱን የሸፈነልሽ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መጉመጥመጥ የለም፣ እንትፍ ማለት የለም፣ በስትሮው መምጠጥ የለም፣ በጣት በምላስ መነካካት የለም። ምራቅ ከመጣ ዋጥ ማድረግ ወይም ጎንበስ ብሎ በራሱ እንዲወርድ መተው ነው። ምራቅሽ ቀላ ብሎ ብታይም አትደንግጪ፣ አንድ ጠብታ ደም አንድ ጉንጭ ምራቅ ያቀላል።

ግን ጥፋቱን ሁሉ በአማትሽ እንዳታሳብቢው። ጥርሱ ተሰባብሮ ስሩ ለብቻ የወጣበት ሰው ሳይጉመጠመጥም ሊያገኘው ይችላል። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ይልቅ ይበዛበታል፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የሚወስዱ ሴቶችም ላይ እንደዚሁ። በተራ ነቀላ ከ100 ሰው ከ2 እስከ 5 የሚሆነውን ይገጥመዋል፣ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሲሆን ደግሞ ከዛ በጣም ይበልጣል።

ሌላ፣ "አንቲባዮቲክ እየወሰድኩ ስለሆነ ይተወኛል" ብለሽ እንዳትጠብቂ። ድራይ ሶኬት በኪኒን አይደለም የሚድነው። ቀዳዳውን በለብ ያለ የጨው ውሃ በሲሪንጅ ያጥቡልሽና መድኃኒት የተነከረ ጎዝ ይሞሉበታል፣ ብዙ ሰው እዚያው ወንበሩ ላይ እያለ ነው የሚቀለው። በየአንድ ሁለት ቀኑ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ነጣ ያለ ያየሽው ነገር ደግሞ አጥንት ላይሆን ይችላል፣ የሚድን ቁስልም ነጭ ሽፋን ይሠራል፣ ስለዚህ በጥርስ መጎርጎሪያ እንዳትነኪው!

ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍሽ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይ መተንፈስ ከከበደሽ ግን ጠዋት አይጠበቅም፣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

እንጀራ_ጋጋሪዋ
ማክሰኞ ማታ 3፡22

እግዜር ይስጥሽ ሲስተር፣ ያን ወረቀት እንዲህ አድርጎ የሚያነብልኝ ጠፍቶ ነው እኮ። አንድ ልጠይቅሽ፣ ቅዳሜ ሌሊት አረቄውን ስጉመጠመጥ ትንሽ ትንሽ እየዋጥኩ ነበር፣ አስመለሰኝ ልቤም ድው ድው አለ። የዋጥኩት ደም ነው ብዬ ነበር። እና ደግሞ አማቴ የላይኛውንም ባስነቅል ዓይኔ እንደሚደክም ነው የሚነግሩኝ፣ እዚያም አንድ የተበላ አለኝ።

ሲስተር_ከማርቆስ
ማክሰኞ ማታ 3፡34

ደም መዋጥም ያስመልሳል፣ ግን ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር አይሄድም። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ፊት መቅላት፣ የልብ መምታት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ እስኪያልቅና ከዛም በኋላ 3 ቀን አረቄ ጠላ ጠጅ የለም፣ ለመጉመጥመጥም የለም። ይሄን ለጎጃሜ መንገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ ሃሃ።

አይቡፕሮፌኑን ምግብ ቀምሰሽ ነው የምትወስጂው፣ ጨጓራ ወይ ኩላሊት ካለብሽ ወይ እርጉዝ ከሆንሽ አትውሰጅው ንገሪያቸው። ብቻውን ካልያዘልሽ ፓራሲታሞል መጨመር ትችያለሽ፣ ሁለቱ አይጣሉም፣ ባለ 500ውን በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ እንዳታሳልፊ ብቻ። አስፕሪን አይሆንም፣ ደም ያቀጥናል።

ዓይን የሚባለው ሐሰት ነው። የላይ ጥርስ ነርቭና ዓይን የሚያይበት ነርቭ የተለያዩ ናቸው፣ ስንቱ ሰው በዚህ ፍራቻ የበሰበሰ ጥርስ ይዞ ሲሰቃይ እያየሁ ነው የምናደደው። ስለ ምች አልከራከርም፣ አማትሽ ዳማ ከሴ ያሽትቱሽ እሱ ጉዳት የለውም። ነጠላውም ይሁን። የሞቀው ጨርቅ ግን በመጀመሪያው ቀን ተገላቢጦሽ ነው፣ ያኔ የሚፈለገው ቀዝቃዛ ነው። ፍሪጅ ባይኖር የቀዘቀዘ ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ በነጠላ ጠቅልለሽ 20 ደቂቃ ታደርጊያለሽ 20 ደቂቃ ታሳርፊያለሽ። ሙቀት የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ባለባጃጅ_ባህርዳር
ማክሰኞ ማታ 4፡02

የኔን ልንገርሽ እንግዲህ እንቅልፍ ከሌለሽ ላይቀር። አምና የታች የመጨረሻውን መንጋጋ አስነቅዬ ስወጣ ሀኪሙ "ሲጋራ ታጨሳለህ?" አለኝ፣ አይ አልኩት። ዋሸሁ። ማታ ላይ አንድ ብቻ ብዬ በደህናው ጉንጭ በኩል ለኮስኩ፣ በደህናው በኩል ከሆነ ምን ይነካዋል ብዬ እኮ ነው። ሲጋራ መማግ ያው መምጠጥ ነው፣ ጭሱም ደም እንዳይደርስ ያደርጋል ብላ በኋላ ሲስተር ነገረችኝ። በማግስቱ ባጃጄን አስነሳሁ፣ አስፋልቱ ላይ ደህና ነኝ፣ የኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ስወጣ ግን እያንዳንዷ ድንጋይ መንጋጋዬ ውስጥ ነው የምትቆጠረው። በሦስተኛው ቀን ተሳፋሪ ጭኜ መሀል መንገድ አቁሜ አልቅሻለሁ፣ ትልቅ ሰው ነኝ እኮ። አንዲት እናት ከኋላ ወርደው "አይዞህ ልጄ ማን ሞተብህ" አሉኝ።

ስመለስ አጠበልኝና የሆነ የቅርንፉድ ሽታ ያለው ነገር ሞላልኝ። ቅርንፉድ ቅርንፉድ እየሸተተኝ ከወንበሩ ሳልነሳ ህመሙ እንደ ሬዲዮ ጠፋ። ሦስቴ ነው የተመላለስኩት፣ በሳምንቱ አበቃ። ትራስ ሁለት አድርገሽ ከፍ ብለሽ ተኝ፣ በጀርባ ዝርግ ብለሽ ስትተኝ ይነጥርሻል። እኔ ወንበር ላይ ነው ያደርኩት።

የዳሞት_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 4፡10

ቅርንፉድ ከሆነ የሞላልህ ታዲያ ቤቷ ካለው ቅርንፉድ ምን ለየው?

ሲስተር_ከማርቆስ
ማክሰኞ ማታ 4፡19

ጥሩ ጥያቄ ነው እንዲያውም። ዩጂኖል የሚባለው ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኝ ነው፣ የሚያደነዝዘው እሱ ነው፣ ስለዚህ እናቶቻችን አልተሳሳቱም። ልዩነቱ እነሱ መጀመሪያ ያጥቡታል፣ መጠኑን ያውቃሉ፣ መልሰውም ያወጡታል። አንተ ፍሬውን ብትወትፍ ስብርባሪው እዚያው ቀርቶ ሌላ ጣጣ ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ድድ ያቃጥላል፣ ጉንጫቸው ተልጦ የመጡ ሰዎች አሉ።

የእንጅባራዋ_እናት
ረቡዕ ጠዋት 12፡40

ልጄ እንዴት አደርሽ። እኔ ስለ ምግቡ ነው የምነግርሽ፣ ወንዶቹ እሱን ትተውታል። ጾም ገብቷል፣ የነቢያት ጾም ነው፣ ሀኪሞቹ "ወተት ጠጭ እንቁላል ብይ እርጎ ብይ" ነው የሚሉሽ። ለንስሐ አባትሽ ብትነግሪያቸው ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፣ እምቢ ካለሽ ግን ጾሙም ያኖርሻል። የኛ የአዊ ድንች ለምን ተፈጠረና! በደንብ ቀቅለሽ ልጠሽ በዘይትና በጨው ፈጭተሽ ለብ ሲል ብይ። ሹሮም ፈሰስ አድርገሽ፣ በርበሬ የሌለው ነጭ ሹሮ፣ እንጀራውን ቀድመሽ አርሰሽ እስኪላቁጥ ትተሽ። የአጃ አጥሚት ደግሞ ጉልበት ነው፣ አጣርተሽ ለብ ያለውን በብርጭቆ ነው የምትጠጭው፣ በስትሮው አይደለም።

በሶና ተልባ ግን ተይ፣ ሁሉም ሰው ለስላሳ ነው ብሎ ይመክርሻል፣ ዱቄቱና ፍሬው ነው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው። ልጄ ባለፈው በሶ በጥብጣ ጠጥታ ሲሸታት ሰነበተ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቁስሉ እስኪገጥም አይታሰብም። በተቃራኒው ጉንጭ ነው የምታኝኪው። ቡናም ካማረሽ አቦሉ ይለፍሽ፣ በረካው ሲቀዘቅዝ ቅመሽ፣ መቸም እንፋሎቱ እየወጣ ካልጠጡት ቡና አይመስልም ግን ምን ይደረግ።

እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ ብለሽ ደግሞ ኪኒኑን በባዶ ሆድ እንዳትውጪ። አይቡፕሮፌን ነው አለች ሲስተሯ፣ ጨጓራሽን ይበላዋል።

እንጀራ_ጋጋሪዋ
ረቡዕ ማታ 1፡50

መጣሁ! ሄድኩ። ሌላ ሰው ነበር ተረኛው፣ መስታወቷን አስገብቶ አየና ምንም ሳልናገር "ተጉመጥምጠሻል አይደል" አለኝ። አማቴ አብረውኝ ነበሩ፣ ዝም ብለው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። በሲሪንጅ ሲያጥበው የሽሮ ቅንጣት የሚያክል ነገርና የጤፍ እንጀራ ፍርፋሪ ወጣ፣ አፈርኩ። ከዛ ያን የቅርንፉድ ሽታ ያለውን ጎዝ በቀጭን መያዣ ወተፈልኝ። መጀመሪያ ዘልዬ ጣሪያ ልነካ ነበር፣ ቀጥሎ ግን ባለባጃጁ እንዳለው ነው፣ ጠፋ። ሰው ሆንኩ። መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፣ አማቴ ትከሻ ላይ።

አርብ ተመለሽ ብሎኛል ይቀይረዋል። ኪኒኑን ጨርሺ አለኝ። አሁን የቀረኝ የምጣዱ ነገር ነው ሲስተር፣ መቸ ልጀምር? ሆቴሎቹ ሁለት ቀን ነው የታገሱኝ።

ሲስተር_ከማርቆስ
ረቡዕ ማታ 2፡15

እሰይ። ከነቀላ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ እረፍት ነው፣ ከዛ ሁለት ሦስት ቀን ከባድ መሸከምና ማጎንበስ አይመከርም፣ ጭንቅላትሽን ዝቅ ስታደርጊ ደሙ ወደዚያ ይሮጣል። አንቺ የሊጥ ባልዲ ተሸክመሽ፣ እሳት እፍ ብለሽ፣ ጎንበስ ቀና እያልሽ 60 እንጀራ ማለት ሦስቱንም በአንድ ሌሊት ነው ያደረግሽው። እፍ ማለቱ ራሱ አፍ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል።

አሁን ቀኑ ስላለፈ ደም ይፈሳል ብዬ አልፈራም፣ የምልሽ አርብ እስኪያዩት ታገሺ፣ ህመሙ ካልተመለሰ ቅዳሜ በትንሹ፣ 15 20 አድርገሽ ጀምሪ። መብራት ካለ በመብራት ምጣድ። ባልዲውን ሌላ ሰው ያንሳልሽ። ከምግብ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ አፍሽ ውስጥ ይዘሽ ጭንቅላትሽን ወዲህ ወዲያ ማዘንበል፣ መትፋት ሳይሆን ማፍሰስ። የቀሩትን ጥርሶችሽን ቦርሺ፣ ቁስሉን ብቻ ዝለይው። ድዱ እስኪገጥም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ውስጡ አጥንት እስኪሞላ ደግሞ ወራት ነው፣ ጎድጎድ ብሎ ቢቆይብሽ አትደንግጪ።

የዳሞት_ልጅ
ረቡዕ ማታ 2፡41

ሲስተር በውስጥ መስመር ልጻፍልሽ? የላይኛው ቀኝ መንጋጋዬ ከጥቅምት ጀምሮ እያመመኝ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ጉንጬን ልጦታል።

ባለባጃጅ_ባህርዳር
ረቡዕ ማታ 2፡43

ሞፈሩን አስቀምጥና ሂድ አንተ።

እንጀራ_ጋጋሪዋ
ሐሙስ ጠዋት 1፡15

ሃሃሃ ሳቄ አመመኝ፣ አታስቁኝ በናታችሁ።

ትናንት ማታ ባለቤቴ "አንች ተኝ እኔ አለሁ" ብሎ ለሆቴሉ 20 እንጀራ ጋገረ። አማቴ አጠገቡ ቆመው ሊጡን ከዳር ጀምር ከዳር ጀምር እያሉት ነበር፣ እሱ ግን እምቢ ብሎ ከመሀል አፈሰሰው። ጠዋት ወስዶ ሆቴሉ አንዷን ገልብጦ አየና መለሰው፣ አንድም ዓይን የለውም፣ ድፍን ነው እንደ ቁርበት። እኔ ግን በነጭ ሹሮ አርሼ ሁለት በላሁ፣ አላኘኩትም።